ዳገት ላይ የሚሞቅ ያረጀ የቤተሰብ መኪና፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት ምን ይመርመር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤተሰባችን የሚጠቀምበት መኪና ባለ ሰባት መቀመጫ ነው፤ የቤንዚን ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው፤ አስፈላጊ ሲሆን አራቱንም ጎማ ያንቀሳቅሳል። ከተሠራ 20 ዓመት አልፎታል። ሜዳ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ልጆቹንና ዕቃውን ጭነን ረጅም ዳገት ስንወጣ ግን የሙቀት ጠቋሚው ከመሀል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ኤሲ ከተከፈተ ደግሞ ይብሳል። ቁልቁለት ስንጀምር ተመልሶ ይወርዳል። መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር አይታይም፤ ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ቀስ በቀስ ይጎድላል። ያየው መካኒክ ጋስኬቱ (በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷልና ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይውረድ ብሎናል።

ሌላም አለ። ባትሪው አዲስ ሆኖ ሳለ ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) እየከበደው ነው የሚያዞረው። ማርሽ ከማቆሚያው ወደ መንጃው ሲገባም ከሥር የሚመታ ድምፅ ይሰማል። እኔ እናት ነኝ፤ ልጆቼን የማመላልሰው በዚህ መኪና ነውና መንገድ ላይ እንዲቆምብኝ አልፈልግም። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ምን ላስመርምር?

መልስ፦ በመካኒክነት የሚሠራ አባል

እህቴ፣ ጋስኬቱ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቴስታታ የሚወርደው በግምት አይደለም፤ ጋስኬት መበላቱን የሚያሳዩ ቀላል ምርመራዎች አሉና አስቀድመው ይደረጉ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሡትና ፈሳሹን ይመልከቱ። አረፋ ያለማቋረጥ እየወጣ ከሆነ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው ማለት ነው። ክዳኑን ዘግተው ካስነሡት በኋላም፣ ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር ጎማ (የውሃ ቱቦው) በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ያው ምልክት ነው። ከሁሉ የሚሻለው በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገው የኬሚካል ምርመራ ነው፦ ሰማያዊው ፈሳሽ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ብዙ ጋራዦች መሣሪያው አላቸው። ሞተሩ ሞቆ፣ ከተቻለም ዳገት ወጥቶ እንደተመለሰ ቢደረግ ይሻላል፤ ትንሽ ስንጥቅ ሞተሩ ሲጨነቅ ብቻ የሚከፈትበት ጊዜ አለና። ክዳኑ ግን ግፊቱ እስኪወጣ ድረስ አይነካ። ትኩስ ራዲያተር ከፍተው ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አይቻለሁ።

ካንዴላዎቹም (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት) ይውጡ። ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ የሚመስል፣ ነጭና ንጹሕ ካንዴላ ካለ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እየገባ ነው። እነዚህ ሁሉ ምንም ካላሳዩ ቴስታታው ባለበት ይቆይ።

መልስ፦ ተመሳሳይ መኪና ለረጅም ጊዜ የያዘ አባል

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ግን ዓይኔን መጀመሪያ የምጥለው ማራገቢያው ላይ ነው። ጠቋሚው የሚወጣው መቼ እንደሆነ ያስተውሉ። ቀስ እያሉ ሲሄዱ ወይም ቆመው ሲጠብቁ ሞቆ፣ ፍጥነት ሲጨምሩ የሚወርድ ከሆነ የጎደለው አየር ነው። በሜዳ መንገድ በፍጥነት ሲነዱ የሚሞቅ ከሆነ ግን የጎደለው የውሃ ዝውውር ነው፦ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ የውሃውን መንገድ የሚከፍተው) ወይም የሚጨመደድ የታችኛው የራዲያተር ጎማ። የእርስዎ መኪና ዳገት ላይ፣ በዝግታና በጭነት ነው የሚሞቀው፤ ይህ ወደ መጀመሪያው ያደላል።

ማራገቢያው በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ መሀሉ ላይ በሲሊኮን ዘይት የሚሠራ መያዣ አለው። ሙቀት ሲሰማው ይጨብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋና ቁልፉ ከወጣ በኋላ በእጅ ያዙሩት። ጤነኛ ከሆነ እጅዎን ይታገላል። ያለ ምንም ተቃውሞ ዞሮ ዞሮ የሚቆም ከሆነ መያዣው አልቋል። ዙሪያው ላይ ቅባት አቧራ ይዞ ተጋግሮ ካዩም ዘይቱ አምልጧል።

ቀጥሎ ደግሞ በኤሲው ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ መብራት ይዩት። ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስል ራዲያተር በመካከሉ የነፍሳት፣ የሣርና የአቧራ ምንጣፍ ተሸክሞ ይገኛል። ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይለቀቅበት። በከፍተኛ ግፊት የሚታጠብ ራዲያተር ክንፎቹ ይታጠፉና ከበፊቱ ይብሳል።

መልስ፦ ሌላ አባል

ስለ ጉድለቱ ብዙ አትጨነቁ፤ ቀዳዳ የሚደፍነውን ዱቄት ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሩበትና በውሃ ሙሉት። እኔ ዘንድ ሠርቷል።

መልስ፦ በመካኒክነት የሚሠራ አባል

ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ያ ዱቄት ቀዳዳ ከሌላ ጠባብ መንገድ አይለይም። የካቢን ማሞቂያውን ቀጫጭን ቧንቧዎችና የራዲያተሩንም ይዘጋል። ቀድሞውኑ ለሚሞቅ ሞተር ይህን መስጠት በሽታውን ማባባስ ነው። ከሰው ርቆ ለቆመ መኪና አንድ ጊዜ ወደ ጋራዥ መድረሻ ይሆን እንደሆነ እንጂ ጥገና አይደለም።

ባዶ ውሃም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ዝገት መከላከያ የለውም፤ ቶሎም ይፈላል። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ተቀላቅሎ፣ ክዳኑም 1.1 ባር ግፊት ከያዘ ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ይታገሣል። ስለዚህ ያረጀ ክዳን ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ ግፊት ካልያዘ ኩላንቱ ቀድሞ ይፈላና ይወጣል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እርሱ ነውና መጀመሪያ ይለወጥ። ኩላንት ሲገዙም በቀለሙ አይመኑ፤ ቀለም የአምራቹ ምርጫ ነው። የመኪናው መመሪያ የሚጠይቀውን ዓይነት ይያዙ፤ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ረግተው መንገዱን ሊዘጉ ይችላሉ።

የት እንደሚፈስ ለማወቅ ደግሞ በቀዝቃዛው ሞተር ላይ በእጅ ፓምፕ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ይሰጥና ይጠበቅ። የፓምፑ መለኪያ መርፌ ከወረደ ኩላንቱ አንድ ቦታ ይወጣል። የውሃ ፓምፑን ሥር ይመልከቱ፤ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት) ጋ ያለው ማኅተም ሲያረጅ ውሃ የሚያወጣበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ጠብታው ስለሚተን መሬት ላይ አይደርስም፤ የደረቀ ባለ ቀለም ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ከፊት ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቦ፣ መስታወቱም ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም እየተሸፈነ ከሆነ ግን ተጠያቂው የካቢን ማሞቂያው ነው።

መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ አባል

የሞተሪኖውን ነገር በአጭሩ ልመልስ። አዲስ ባትሪ ሌሊቱን አርፎ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። 12.2 ካሳየ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራም ከ13.8 እስከ 14.7 ካልሆነ ዲናሞው ይታይ። ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ገመዶቹን ይፈትሹ። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሰው ቁልፍ ያዙርልዎ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የመሬት ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። በዚህ ዕድሜ ላይ ባለ መኪና ባትሪና ሞተሪኖ ተለውጠው ችግሩ ሳይጠፋ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ፦ ተመሳሳይ መኪና ለረጅም ጊዜ የያዘ አባል

ስለ ድምፁ፦ ወደ ኋላ ኃይል የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ላይ ያሉትን ክሮቼራዎች (የዘንጉን መጋጠሚያዎች) ያስፈትሹ። ጎማዎቹ ታግደው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ ዘንጉ በእጅ ሲወዛወዝ ክፍተት ሊኖር አይገባም። የግራሶ መስጫ ካላቸው ግራሶ ይሰጣቸው። የሞተርና የካምቢዮ መያዣ ጎማዎችም ተሰንጥቀው ሊሆን ይችላል። አራቱ ጎማ ተያይዞ እያለ በደረቅ አስፋልት ላይ ጠባብ መታጠፊያ አይዙሩ፤ ዘንጎቹን የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በዳገት ሞቆ ከተመለሰ በኋላ የኬሚካል ምርመራው ተደረገ፤ ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ካንዴላዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። የውሃ ፓምፑ ሥር ግን ቅርፊት ተገኘ፤ ግፊት ሲሰጠውም እዚያው ተንጠባጠበ። ማራገቢያው ሞቆም ሳለ በነፃ ይዞራል። የመሬት ገመዱ ከጸዳና ከጠበቀ በኋላ ሞተሪኖው ተስተካክሏል። ክሮቼራውን ገና አላየንም። ፓምፑና የማራገቢያው መያዣ ሊለወጡ ነው፤ አብሮ ሊሠራ የሚገባው ነገር አለ?

መልስ፦ በመካኒክነት የሚሠራ አባል

በጣም ጥሩ፣ ቴስታታው ተረፈ። ቴርሞስታቱና የውጭው ቺንጋ አብረው ይለወጡ፤ የሥራው ዋጋ አንድ ነው። የቫልቭ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅስ) ያለው ሞተር ከሆነና የተለወጠበት ዘመን የማይታወቅ ከሆነ እርሱንም አይለፉት። የቺንጋ ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያልቃል፤ በብዙ ሞተሮች ላይም ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

አንድ ነገር አደራ። የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ከሆነ፣ ያ ቧንቧ በእርጅና ሲበሳ ዘይትና ኩላንት ይቀላቀላሉ። በራዲያተሩ አፍ ወይም በካምቢዮው ዘይት መለኪያ ላይ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ካዩ መኪናውን ከዚያ ቦታ አያንቀሳቅሱት።

ኩላንቱ ሲሞላ መኪናው ፊቱ ከፍ ብሎ ይቁም፤ የካቢን ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ይከፈት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው የራዲያተር ጎማ ይሞቃል፤ አረፋው እስኪያቆም እየተሞላ ይጠበቅና ይዘጋ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ መጠኑን ይዩት፤ የታፈነ አየር ከወጣ ትንሽ ይጎድላልና ይሙሉት። በሚቀጥለው ሳምንትም መጉደሉን ከቀጠለ ሌላ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ግፊቱ እንደገና ይሰጠው።