ፍላሽ ላይ ዘፈን ስጭን ፍጥነቱ እየወረደ አስቸገረኝ

የሜክሲኮው፦
ሰላም ቤቶች። ሜክሲኮ አካባቢ ዘፈንና ፊልም የምንጭንባት ትንሽ ሱቅ አለችን። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው፣ ተራቸው እስኪደርስ ነው የሚቆሙት። ታዲያ 3000 ዘፈን፣ ወደ 13 ጊጋ የሚሆን፣ ስጭን መጀመሪያ 25 ሜጋ በሰከንድ ያሳየኝና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 4 ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሹፌሩ መስኮቱ ላይ ተደግፎ «አላለቀም እንዴ?» ይላል፣ ተራው ካለፈው ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። ፍላሹ 32 ጊጋ፣ ዩኤስቢ 3 የሚል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10። ምን ይሻለኛል?

ባለጥገናው፦
ሌላ ለመግዛት አትቸኩል። አንድ 2 ጊጋ የሚሆን ፊልም ብቻ ኮፒ አድርገህ እይ። እሱም 4 ላይ ከወደቀ ችግሩ ከፍላሹ ነው። ደግሞ ሰማያዊው ፖርት ላይ፣ ማለትም ዩኤስቢ 3 ላይ፣ ሰካው፣ ዩኤስቢ 2 ቢበዛ ከ30 እስከ 40 ሜጋ ነው የሚሄደው።

የሜክሲኮው፦
ፊልሙ በ17 አካባቢ ሳይወርድ ጨረሰ። ዘፈኑ ነው የሚያንቀው።

ሰባራ ባቡር፦
ያው ጠረጠርኩ። ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ልክ እንደ ታክሲ በየመቶ ሜትሩ «ወራጅ አለ» ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዘፈን ተመልሶ የፋይል መዝገቡን ይነካል፣ ፍላሽ ደግሞ በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፣ መጀመሪያ ትልቅ ብሎክ ማጥፋት አለበት። ዚፕ አድርግ፣ ማለትም ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልል፣ እንዳልልህ የመኪና ቴፕ አያነበውም። ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው የፎርማት ዓይነት ብታደርገውም ብዙዎቹ አያነቡም፣ ስለዚህ በድሮው ፋት32 ላይ ቆይ።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። አንድ ፍላሽ ላይ 14 ጊጋ ፓርቲሽን (ከፍላሹ ቦታ የተከለለ ክፍል) ሥራና ዘፈኖቹን አንዴ ጫን። ከዚያ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም ኢሜጅ (የፍላሹ ሙሉ ቅጂ፣ በአንድ ፋይል) አውጣለት፣ የተያዘውን ፓርቲሽን ብቻ አንብብ የሚለውን ምርጫ ሳትረሳ። ለሚቀጥለው ደንበኛ ኢሜጁን ነው የምትጽፈው፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆም ይሄዳል።

ባለጥገናው፦
አደራ ግን፣ ኢሜጅ ፍላሹ ላይ የነበረውን በሙሉ ያጠፋል። የልጁ የክርስትና ፎቶ እዚያ ውስጥ ቢኖርስ? ጠይቀህ ጀምር። ስትነቅለውም ኢጀክት አድርገህ።

የሜክሲኮው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በ14 ደቂቃ አለቀ! ግን ትናንት አንዱ ሹፌር ቤቱ ሄዶ ፍላሹን ከፍቶ 14 ጊጋ ብቻ ሲያይ «32 ሰጥቼህ ግማሹን በላኸው» ብሎ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀሪው ቦታ ፓርቲሽን ስላልተሠራበት አይታይም ብለው ማን ይስማኝ። ፓርቲሽኑን አጥፍቼ ሙሉውን 32 ጊጋ እንደገና ፎርማት አድርጌ መለስኩለትና ዘፈኑን እንደ ድሮው አንድ በአንድ ጫንኩለት። አሁን ኢሜጁን ባለ 16 ጊጋ ይዞ ለመጣ ብቻ ነው የምጠቀመው።