መስኮቶቹን በስክሪፕት ሪዲፋይን ሳደርግ 14 ድሮዊንግ ላይ ቆመብኝ

መሀል_ሜዳ_ድራፍት

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ናችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ከስልክ ስለሆነ የአውቶካድ (የንድፍ መሣያ ፕሮግራም) ኮማንዶቹን በራሳችን ፊደል ነው ያስቀመጥኳቸው፣ እንደምትረዱኝ አምናለሁ።

መሀል ሜዳ ላይ ለሚሠራ የመማሪያ ክፍል ሕንፃ 38 ድሮዊንግ (የንድፍ ፋይል) በእጄ አለ። መስኮቱ ዳብልዩ 1 የሚባል ብሎክ (አንዴ ተሥሎ በብዙ ቦታ የሚቀመጥ ሥዕል) ነው፣ ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር፣ ተንሸራታች አሉሚኒየም። ባለፈው ሳምንት የአካባቢው ሰዎች ፕላኑን አይተው "ይሄ መስኮት ለኛ አገር አይሆንም" አሉ። እውነታቸውን ነው። መሀል ሜዳ እኮ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ በተንሸራታቹ ሐዲድ ሥር ገብቶ ልጆቹን ሲያንቀጠቅጣቸው ነው የሚውለው። ስለዚህ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ዙሪያውን ጎማ ያለውና ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ መስኮት እንዲሆን ተወሰነ። አዲሱን መስኮት ለብቻው ፋይል ላይ ሣልኩት።

ከዚያ ስክሪፕት ጻፍኩ። ሊስፕ (የአውቶካድ የፕሮግራም ቋንቋ) አይደለም፣ ኮማንዶች በቅደም ተከተል የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ድሮዊንጉን ይከፍታል፣ ባለ ሰረዙን ኢንሰርት (ብሎክ የሚያስገባውን ኮማንድ) ይጠራል፣ ዳብልዩ 1 ብሎ በእኩል ምልክት የአዲሱን ፋይል አድራሻ ይሰጣል፣ "ብሎኩ አለ፣ ሪዲፋይን ላድርገው (በአዲሱ ልተካው)?" ሲባል ዋይ (አዎ) ብሎ ይመልሳል፣ ዜሮ ዜሮ ላይ በስኬል (በመጠን ብዜት) 1 ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ኢሬዝ ላስት ብሎ ያንን ትርፍ መስኮት ያጠፋና ሴቭ አድርጎ ይዘጋል። መጀመሪያ ላይ የፎልደሩ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ስለነበረ ጭራሽ አልሄደልኝም፤ ስክሪፕት ውስጥ ባዶ ቦታ እንደ ኢንተር እንደሚቆጠር ያወቅኩት ያኔ ነው። እሱን አስተካክያለሁ።

አሁን የቀረብኝ ይሄ ነው። 24 ፋይል ላይ መስኮቱ ተቀየረ። 14ቱ ላይ ግን መሃል ላይ ይቆማል። ኮማንድ ላይኑን ሳየው የዋይ ስኬል ስጪኝ ይላል፣ እኔ ስለ ስኬል ገና ምንም አላልኩትም! ኢስኬፕ ብዬ በሪዙም (የቆመ ስክሪፕት በሚያስቀጥለው ኮማንድ) እየገፋሁ ነው የጨረስኩት።

የተቀየሩት 24ቱም ቢሆኑ ጤና የላቸውም። መስኮቶቹ ከግድግዳው ክፍተት 60 ሳንቲ ሜትር ሸሽተዋል፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱ ወደ ግራ። አዲሱ ብሎክ ላይ የጨመርኩት የመክፈቻ አቅጣጫ የሚገልጽ አትሪቢዩትም (ከብሎኩ ጋር የሚያያዝ ጽሑፍ) አንዱም ጋ አይታይም። የምድር ቤቱን ፕላን በእጄ እየጎተትኩ ማስተካከል ጀምሬ ነበር፣ ሃያ ምናምን መስኮት ላይ ስደርስ ተውኩት። ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። እባካችሁ።

ሊስፕ_ወዳጅ

አይዞሽ እህቴ፣ የቆመበት ምክንያት ራስሽ የጻፍሽው ውስጥ አለ። የዋይ ስኬል የጠየቀሽ ዋይ ስላልሽው ነው።

ዳብልዩ 1 ድሮዊንጉ ውስጥ ካለ አውቶካድ ሪዲፋይን ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ያንቺ ዋይ እሺታ ይሆናል። ብሎኩ ከሌለ ግን ያ ጥያቄ ጭራሽ አይመጣም። በቀጥታ የማስቀመጫ ነጥብ ወደሚጠይቀው ያልፋል፣ እዚያ ጋ ደግሞ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚሉ፣ በየአቅጣጫው የሆኑ የስኬል አማራጮች አሉ። ያንቺን ዋይ "የዋይ ስኬል ልስጥህ" ብሎ ይረዳዋል። ቀጥሎ ዜሮ ዜሮ ይመጣበታል፣ እሱ ለስኬል አይሆንም፣ ስክሪፕቱ ቆመ። እንግዲህ 14ቱን ፋይሎች ከፍተሽ እያቸው። መሠረት፣ ጣሪያ፣ ሳይት ፕላን አይደሉም? መሠረት ላይ መስኮት ከየት ይመጣል?

መፍትሔው ላይጠየቅ ለሚችል ጥያቄ መልስ አለማዘጋጀት ነው። ትንሽ ሊስፕ ጻፊ። ቲቢኤልሰርች በሚለው ፋንክሽን ዳብልዩ 1 አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከሌለ ፋይሉን ሳትነኪ እለፊ። ካለ ኤክስፐርት የሚባለውን ሲስተም ቫሪያብል (የፕሮግራሙን ቅንብር) 2 አድርጊው፣ ያን ጊዜ ሪዲፋይን ላድርግ ብሎ መጠየቁን ይተዋል። ከዚያ ኢንሰርቱን ከነእኩል ምልክቱ ላኪና የማስቀመጫ ነጥብ ሲፈልግ ኒል ስጪው። ኒል ኢስኬፕ እንደመጫን ነው። ዲፊኒሽኑ (የብሎኩ ዋና ሥዕል) ቀድሞ ገብቷል፣ የሚቀመጥ ትርፍ መስኮት የለም፣ ስለዚህ ኢሬዝም አያስፈልግሽም። ስትጨርሺ ኤክስፐርትን ወደ 0 መልሺው፣ ምክንያቱም 2 ላይ ሆኖ ነባር ፋይል ላይ ስትጽፊም ልደምስሰው ወይ ብሎ አይጠይቅሽም። ይህን አደራ።

ሊስፕ ውስጥ የፋይል አድራሻ ስትጽፊ ወደ ኋላ ያዘመመውን ሰረዝ ደግመሽ ጻፊው፣ ወይም ወደ ፊት ያዘመመውን ተጠቀሚ። በነገራችን ላይ አውቶካድሽ ኤልቲ (ቀለል ያለው ስሪት) ከሆነ ሊስፕ የሚሠራልሽ ከ2024 ጀምሮ ባለው ነው።

የድሮ_ድራፍትማን

ልጄ፣ ሊስፕ ወዳጅ ያለሽ ትክክል ነው፣ ግን እኔን ያስደነገጠኝ ኢሬዝ ላስት ያልሽው ነው። በሪዙም እየገፋሁ ጨረስኩ ብለሻል። ኢንሰርቱ ሳይሳካ ኢሬዝ ላስት ከሠራ፣ የሚጠፋው ትርፉ መስኮት አይደለም። በዚያ ድሮዊንግ ላይ መጨረሻ የተሣለውና የሚታየው ዕቃ ነው፣ ምንም ይሁን ምን! ግድግዳ ሊሆን ይችላል፣ ልኬት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ስክሪፕቱ ሴቭ አድርጎ ዘግቶታል። አሁኑኑ 14ቱን ፋይሎች ከድሮው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። ድሮው ቅጂ ካለሽ እንዲያውም እነዚህን ጣያቸውና ከዋናው ጀምሪ።

ወደ 60 ሳንቲ ሜትሩ ስመጣ፣ የመስኮትሽ ስፋት 120 ነው አላልሽም? 60 የእሱ ግማሽ ነው። የድሮው ብሎክ ቤዝ ፖይንት (ብሎኩ የሚያዝበት ነጥብ) የመስኮቱ እኩሌታ ላይ ነበር ማለት ነው። አዲሱን ስትሥይ ግን የግራውን ጫፍ ዜሮ ዜሮ ላይ አድርገሽ ነው የጀመርሽው። ፋይል በብሎክ መልክ ሲገባ መያዣው የፋይሉ ቤዝ ነው፣ ካልነካሽው ደግሞ ዜሮ ዜሮ ነው። አንዳንዱ ወደ ቀኝ አንዳንዱ ወደ ግራ የሸሸው ዞረው ወይም ሚረር ተደርገው (እንደ መስታወት ምስል ተገልብጠው) የተቀመጡ ስላሉ ነው።

ስለዚህ የአዲሱን መስኮት ፋይል ክፈቺ፣ ቤዝ የሚለውን ኮማንድ ጻፊ፣ ድሮ በነበረበት ቦታ፣ የመስኮቱ እኩሌታ ላይ ስናፕ አድርገሽ ጠቅ አድርጊ፣ ሴቭ። ከዚያ ሪዲፋይኑን ስትደግሚው ሁሉም በአንዴ ወደ ክፍተታቸው ይመለሳሉ። በእጅሽ አንዱንም እንዳታንቀሳቅሺ! የተቀመጡበት ነጥብ አሁንም ልክ ነው፣ የተበላሸው ዲፊኒሽኑ ብቻ ነው። ምድር ቤቱ ላይ የጎተትሻቸው ሃያዎቹ ናቸው አሁን በተራቸው የሚሸሹት፣ እሱንም ከድሮው ቅጂ ውሰጂው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የአዲሱ ፋይል ዩኒት ከድሮዊንጎቹ ጋር አንድ መሆኑን እይ። ሚሊ ሜትርና ሜትር ከተቀላቀለ መስኮቱ ግቢውን የሚያህል ሆኖ ይወጣል፣ የቀድሞዎቹ ስኬል እንዳለ ስለሚቆይ።

ሸዋሮቢት_ካድ

ስለ አትሪቢዩቱ እኔ ልጨምር። ብሎክ ሪዲፋይን ሲደረግ መስመሮቹ ወዲያው ይቀየራሉ፣ አትሪቢዩት ግን በየተቀመጠው ብሎክ ላይ ለየብቻው ስለተያዘ አዲሱ ወደ ድሮዎቹ አይደርስም። አትሲንክ የሚለውን ኮማንድ ዳብልዩ 1 ላይ አስኬጂው፣ ይመጣል። አትሪቢዩቶቹ ውስጥ የጻፍሻቸው ጽሑፎች አይጠፉም። ግን ተጠንቀቂ፣ ጽሑፍ መስመር ላይ አርፎ አልነበብ ሲል በእጅ ወደ ጎን የጎተትሻቸው መለያዎች ካሉ ሁሉንም ወደ መነሻ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት አስለፍቶኛል።

የአቅጣጫው ጽሑፍ በአማርኛ ከሆነ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣብሽ ይችላል። ምክንያቱ ቴክስት ስታይሉ (የጽሑፉ የፎንት ቅንብር) ነው። ምንጩ ፋይል ላይ ስታንዳርድ የሚባለውን ስታይል ወደ አማርኛ ፎንት ብትቀይሪው እንኳ፣ የሚገባበት ድሮዊንግ የራሱ ስታንዳርድ ካለው የሚያሸንፈው የድሮዊንጉ ነው። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግዕዝ የማያውቅ የኤስኤችኤክስ (የአውቶካድ የራሱ ዓይነት) ፎንት ነው። ሌላ ስም ያለው ስታይል ፍጠሪና ኒያላን ወይም ኤብሪማን ስጪው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከሌለ አትደንግጪ፣ በአማራጭነት ከሚጫኑት የኢትዮጵያ ፎንቶች ውስጥ ነው ያለው።

ይሄው ሕግ ብሎክ ውስጥ ላለ ብሎክም ይሠራል። ለምሳሌ እጀታውን ለብቻው ብሎክ አድርገሽው ከሆነና ድሮዊንጉ ውስጥ በዚያ ስም ሌላ እጀታ ካለ፣ አዲሱ እጀታሽ አይገባም፣ የድሮው ይቆያል።

መሀል_ሜዳ_ድራፍት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የመሠረቱን ፕላን ከድሮው ቅጂ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። የአንዱ ፉቲንግ (የመሠረት እግር) 1.40 ሜትር የሚለው ልኬት የለም! መጨረሻ የጻፍኩት እሱን ነበር። ሳላየው ታትሞ ሳይት ላይ ቢደርስ ፎርማኑ በግምት ነበር የሚያስቆፍረው። ሳይት ፕላኑ ላይ ደግሞ የሰሜን ቀስቱ ጠፍቷል። ፍላሽ ላይ ዋናዎቹ ስለነበሩኝ 38ቱንም ጥዬ ከዚያ ጀመርኩ።

ሊስፕ ወዳጅ እንዳለው ከ14ቱ 11ዱ መሠረት፣ ጣሪያ፣ ሳይትና የመሳሰሉት ናቸው፣ መስኮት የላቸውም። ሦስቱ ግን መስኮት አላቸው። ሌላ ባልደረባ ሥሎት የነበረ ስለሆነ ብሎኩ ዳብልዩ 1 አይደለም፣ "መስኮት 120" ነው የሚባለው። የአማርኛውን ስም ሊስፑ ውስጥ ብጽፈው አላገኘውም አለኝ። አውቶካዴ 2018 ነው።

ሊስፕ_ወዳጅ

በ2018 ላይ ነው ችግሩ። ሊስፕ የግዕዝ ፊደልን በደንብ ማንበብ የጀመረው ሊስፕሲስ የሚባለው ቫሪያብል ከገባ ወዲህ ነው፣ እሱም ከ2021 ጀምሮ ነው ያለው። ሦስት ፋይል ብቻ ስለሆነ አትድከሚ። ሪኔም የሚለውን ኮማንድ ክፈቺና "መስኮት 120"ን በእጅሽ ዳብልዩ 1 ብለሽ ሰይሚው፣ በዚያ ስም ሌላ ስለሌለ ይቀበልሻል። ከዚያ እንደሌሎቹ ይሄዳል። ግን ከመስየምሽ በፊት አንዱን ጠቅ አድርጊና ብሎክ መሆኑን አረጋግጪ፣ ኤክስፕሎድ የተደረገ (የተበተነ) ከሆነ መስመር ብቻ ነው፣ ሪዲፋይን የሚደረግ ነገር የለም።

የድሮ_ድራፍትማን

የሦስቱን ቤዝ ፖይንትም እይ ልጄ። ሌላ ሰው የሠራው ስለሆነ ጫፉ ላይ ይዞት ሊሆን ይችላል።

መሀል_ሜዳ_ድራፍት

ልክ ነዎት ጋሼ፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ነበር የተያዘው። እሱን አንድ ፋይል በስክሪፕት አላስገባሁትም፣ ዘጠኝ መስኮት ስለሆነ በእጄ ቀየርኩት።

የቀሩት ሄደዋል። ቤዙን አስተካክዬ ሳስኬደው 26ቱም ድሮዊንግ ላይ መስኮቶቹ ክፍተታቸው ውስጥ ገጥመዋል። ከአትሲንክ በኋላ አቅጣጫውም መጣ። ምድር ቤቱ ላይ ስድስት መለያ ወደ ቦታው ተመልሶ ልኬት ላይ አርፎ ነበር፣ እነሱን በእጄ አነሳኋቸው። መስኮት የሌላቸውን 11ዱን ስክሪፕቱ ሳይነካ አልፏቸዋል፣ የመሠረቱ 1.40ም ቦታው ላይ አለ። ኤክስፐርትንም ወደ 0 መልሻለሁ። አሁን እያተምኩ ነው።