እንጀራ ከቀነስኩ 7 ሳምንት ሆነኝ፤ ብቻዬን ስቀር ግን አቃተኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስኳር አለብኝ። ከሐኪሜ ጋር ተማክሬ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ድንች በጣም ቀነስኩ። እስካሁን 5 ኪሎ ወርጃለሁ፣ የጠዋት ስኳሬም ተሽሎኛል።

ስንጀምር ከመሥሪያ ቤት አራት ነበርን። የምሳ ዕቃችንን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንላላካለን፣ ዓርብ ዓርብ አብረን እንመዘናለን። ለካ የያዘኝ እሱ ነበር። አንዷ ወለደች፣ አንዷ ተዛወረች፣ ሦስተኛዋ «እንጀራ ካልበላሁ የበላሁ አይመስለኝም» ብላ ተወችው (እውነቷን ነው!)።

በፍስክ ብዙም አልቸገርም፤ እንቁላሉ፣ ጥብሱ፣ አይብ በጎመኑ አለ። ጾም ሲሆን ነው ጉዱ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲወጣ የሚቀረው ሽሮና ምስር ነው፣ እነሱም ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ደግሞ ያለ እንጀራ በማንኪያ ሽሮ መብላት ምን ይባላል? ጎመን፣ ፎሶልያ፣ አቮካዶና ለውዝ እያፈራረቅሁ ሰለቸኝ። ባለፈው ረቡዕ ማታ ቆሜ ሁለት እንጀራ ጨረስኩ።

ማኅበርና ልቅሶ ቤትማ አይነሳ። እትዬ «በሞቴ!» ብለው የጠቀለሉትን ጉርሻ እንዴት ነው የምመልሰው?

እባካችሁ፣ በጾም ወቅት ምን እየበላችሁ ነው የምትዘልቁት? ቡድናችሁ ሲበተንስ እንዴት አድርጋችሁ መልሳችሁ አሰባሰባችሁት? በየሳምንቱ አብራኝ የምትመዘን እህት ካለች በጣም ደስ ይለኛል።