ቬስቱን ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባው ቡቺ

የቬጋሷ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ አለባት። ቡቺ የሚባል የ9 ወር ላብራዶር አለን፤ ስኳሯ ሲወርድ በማሽተት ለይቶ እንዲነግረን ከአንዲት አሠልጣኝ ጋር እያስተማርነው ነው። በአፍንጫው በኩል ጎበዝ ነው፤ ምንም አይወጣለት።

ችግሩ ልብሱ ነው፤ የአገልግሎት ውሻ መሆኑን ለሰው የሚያሳየው ቬስት (ሰደርያ)። አንድ ቀን ስቸኩል ቬስቱን በግድ በጭንቅላቱ አጠለቅኩለት። ዘለበቱ "ቀጭ" ሲል የሆዱን ፀጉር ሳይዘው አልቀረም፣ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ቬስቱን ካየ አልጋ ሥር ነው። ጎትቼ ሳለብሰው ደግሞ እንደ ሐውልት ድርቅ ይላል። ጫማውንማ ተዉት። በሙቀቱ የጋለው አስፋልት እንዳያቃጥለው ብዬ አራት ገዛሁ፣ አንዱን በላው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ጨንቆኛል። እናቴ "ውሻ ደግሞ ልብስ ምን ያደርግለታል?" እያለች ትስቅብኛለች።

ሳሚ
አታካብጂው። ዝም ብለሽ አልብሺውና ተይው። ሁለት ቀን ያኮርፋል፣ በሦስተኛው ይረሳዋል። የኔ እንደዛ ነው የለመደው።

ቨርጂኒያ ነኝ
ሳሚ፣ ያንተ ውሻ አልፈራ ይሆናል። ቡቺ ግን ፈርቷል። የፈራ ውሻን አልብሰህ ስትተወው ጸጥ ይላል፤ ያ ግን መልመድ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው። ድርቅ ማለቱም ይኸው ነው።

እህቴ፣ ለማሠልጠኛ የሚሄዱ ሁለት ቡችሎች አሳድጌያለሁ፤ አንዱ ልክ እንዳንቺው ነበር። መጀመሪያ ቬስቱን ለአንድ ሳምንት እንዳታለብሺው። ሳሎን መሬት ላይ ጣይውና ምግቡን አጠገቡ ስጪው። ራቅ ብሎ ከበላም ይብላ። በየቀኑ ሳህኑን ጥቂት ታቀርቢዋለሽ።

የዘለበቱን ድምፅ ለብቻው አስለምጂው፤ የጮኸው በእሱ ነውና። ሌላ ክፍል ሆነሽ ዘለበቱን በፎጣ ጠቅልለሽ "ቀጭ" አድርጊው፣ ከዚያ ዶሮ ስጪው። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ፦ ድምፁ ይቀድማል፣ ዶሮው ይከተላል። ዶሮውን አስቀድመሽ ካሳየሽው ዶሮ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆንበትና እሱንም መሸሽ ይጀምራል። ድምፁን ሰምቶ ወዳንቺ ዞር ካለ ያኔ ፎጣውን ታነሺለታለሽ።

ቀጥሎ የአንገት ማስገቢያውን እንደ ቀለበት ያዢና ዶሮውን በወዲያኛው በኩል አድርጊው። ጭንቅላቱን ራሱ ያስገባ። አንቺ ወደ እሱ አትግፊው። ካወጣም ያውጣ፣ አትያዢው። መውጣት እንደሚችል ያወቀ ውሻ ተመልሶ ያስገባል። ዘለበቱን መቆለፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ ስትቆልፊም ጣትሽን ከሥሩ አድርጊ፣ ፀጉር እንዳይዝ።

ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለቴ። ገና እየፈለገ ሳለ አቁሚ። ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳያንቀላፋ ካዛጋ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ዶሮም እንቢ ካለ አልፈሽ ሄደሻል፤ አንድ እርምጃ ተመለሺ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዶሮው ከወጥ ውስጥ የወጣ እንዳይሆን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። በውሃ ብቻ የተቀቀለ ይሁን።

የጎጃም ልጅ
ይሄን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ወይፈን ሲያቀና መጀመሪያ ቀንበር ብቻ ያሸክመው ነበር፣ ያለ ሞፈር። ያውም ከሸመገለ በሬ ጋር አጣምሮ። ጎረቤታችን ግን በመጀመሪያው ቀን ማሳ ላይ አውጥቶ በጅራፍ ያቀናው ነበር። የእሱ በሬ ቀንበር ባየ ቁጥር እስኪያረጅ ድረስ እንደሸሸ ነው። ሳሚ ወንድሜ፣ አንተን ለመንካት አይደለም 😄

ሳሚ
ገባኝ ገባኝ። ጎረቤታችሁ እኔ ነኛ።

ከእስራኤል
ሰላም እህቴ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ ከመሪ ውሻ ጋር ስሄድ ስድስት ዓመቴ ነው። የመሪ ውሻ ሃርነስ (ደረቱና ጀርባው ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ) እጀታው ደረቅ ስለሆነ ከቬስት ይከብዳል። የኔ ግን ሃርነሱን ከመስቀያው ሳነሳ ስትሰማ መጥታ ጭንቅላቷን ታስገባለች። እኔ የማምነው ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሃርነሱ ካለ ሥራ ነው፣ ሲወልቅ ሥራ የለም። ለብሳ አናጫውታትም። ቤት ስንገባ ወዲያው አወልቅላታለሁ፣ እሷም ሶፋው ዙሪያ እንደ እብድ ትሮጣለች። ልጅሽም ይህን ሕግ ትያዝ፤ ልጆች ልብሱን ሲያምርበት ቀኑን ሙሉ ያለብሱታል።

ደግሞ ሰው ሊደገፍበት እጀታ ያለው ሃርነስ እንዳትገዢ። ቡቺ ገና አጥንቱ እያደገ ነው። ትልልቅ ውሾች አጥንታቸው ሳይጠነክር ክብደት አይሸከሙም፤ ሐኪም ሳያይ አይሞከርም።

የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛ
እኔ ስለ ጫማው ብቻ ልበል፣ ሌላውን ጨርሳችሁታል። ጫማ ከቬስት የሚከብደው ውሻ መሬቱን የሚያውቀው በእግሩ ስለሆነ ነው። ከጫማው በፊት እግሩን ሲነኩት ለምዶ እንደሆነ እዪ፤ ብዙዎቹ ያንንም አይወዱም። ከተስማማ የሕፃን ካልሲ በአንድ እግር፣ ለአሥር ሰከንድ፣ ምንጣፍ ላይ። ከዚያ ሁለት። እውነተኛው ጫማ ሲመጣ ወዲያው አስነሺውና ወደ ፊት አስኪጂው፤ ቆሞ ከተተወ ይበላዋል፣ እንዳየሽው። መጀመሪያ እንደ ፈረስ እግሩን እያነሳ ይራመዳል። ሳቁ ያስቸግራል፣ ግን ቪዲዮ ለመቅረጽ ብላችሁ አታራዝሙበት።

ቤት ስትመለሱ ወዲያው አውልቂለት፤ ውሻ በመዳፉ ያልባል፣ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ይቆስላል። በጣቶቹ መካከልና በቬስቱ በኩል ብብቱ ሥር መቅላት ካለ እዪ። በዘጠኝ ወሩ ስለሚያድግ ማሰሪያውን በየሳምንቱ ለኪው፤ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ጫማውን እስኪለምድ ድረስ ደግሞ ማለዳ ውጡ። የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካቃተሽ እሱም አይራመድበት።

ቨርጂኒያ ነኝ
ረስቼው፦ የትምህርት ቤቱ ቀን አያስጨንቅሽ። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የአገልግሎት ውሻ ቬስት መልበስ ግዴታው አይደለም፣ መታወቂያም አያስፈልገውም። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው "ምዝገባ" ዋጋ የለውም። ሕጉ የሚያውቀው ሥልጠናውን የጨረሰ ውሻ ነው፤ በሥልጠና ላይ ያለውን የሚመለከተው የየግዛቱ ሕግ ስለሆነ የግዛትሽን የኔቫዳን ሕግ አሠልጣኝሽን ጠይቂ፣ ትምህርት ቤቱንም አስቀድመሽ አነጋግሪ። ቬስቱ ለሰዎች ምልክት ነው፤ ለቡቺ ብለሽ አትቸኩዪበት።

የቬጋሷ እናት (ጠያቂ)
ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ልንገራችሁ። ዘለበቱን በፎጣ ማስለመዱ ብቻ ስምንት ቀን ፈጀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭንቅላቱን ራሱ አስገባ፤ ልጄ ጮኸች፣ እሱም ደንግጦ አወጣው 😅 ከዚያ በሹክሹክታ ሆነ። አሁን ቬስቱን ለብሶ ከሳሎን እስከ ፖስታ ሳጥኑ ይሄዳል። ትናንት አልጋ ሥር አልገባም፤ እናቴ ራሷ ናት ያየችው፣ አሁን ዶሮ የምትቀቅለውም እሷ ናት። ጫማው ግን ገና ሦስት እግር ላይ ነው። በተበላው ፋንታ የገዛሁትን አራተኛውን ይዤ ስመጣ መዳፉን ከሥሩ ይደብቀዋል። ለዚያች አንዲት እግር ሌላ ዘዴ ያለው አለ?