ጎርጎራ ጣና ዳር ያለውን የሱስንዮስ ግንብ ታሪክ የሚያውቅ አለ?

ጠያቂ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንደምን ከረማችሁ። እሁድ ለት ጎርጎራ ወርደን ነበር፣ በአዘዞ በቆላድባ አድርገን ማለት ነው፣ ከዛ በጀልባ ማርያም ግንብ የሚሉት ፍርስራሽ ጋ ሄድን። አንዱ የቆመ ግድግዳ ላይ ድንጋዩ በአበባ ቅርጽ ተጠርቧል፣ በጣቴ ስዳስሰው ጠርዙ እስካሁን አለ፣ ከስሩ ደግሞ ከብት ይግጣል። አንጀቴን ነው የበላው። ቤተ መንግሥት ነው ቤተ ክርስቲያን? አትክልት ቦታም ነበረው ይባላል፣ እውነት ነው?

የደምቢያ ልጅ፦
ወንድምዓለም አበባ ያለበት ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ካቶሊኮቹ ያሠሩት። ቤተ መንግሥት ግን ጎርጎራ ላይ በርግጥ ነበር፣ ለአፄ ሱስንዮስ (በፈረንጅ ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት) ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ ማለት ነው) ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው ሐይቁ ዳር ፎቅ ቤት ያሠራላቸው፣ እሱም በ1622 እዛው ጎርጎራ ትኩሳት ገደለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያ ቤት በድንጋይና በጭቃ ነው የተሠራው፣ ኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ያገኘው ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው እሱም ቤቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ። ሌላው መናገሻቸው ደንቀዝ ያለው የሱስንዮስ ግንብ በኖራ ስለሆነ ይኸው ግድግዳው አሁንም አለ። የጣናን ዝናብና እርጥበት ጭቃ አይችለውም እኮ፣ እኔ በበኩሌ የጎርጎራው ቤት ያልቆየው በዚህ ነው ባይ ነኝ።

አዘዞ ሰፈር፦
አትክልቱን ከጠየቅክማ እኛ ሰፈር ና፣ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ገነት ማለት አትክልት ቦታ ነው። ሱስንዮስ እዛ በውሃ የተከበበ ማረፊያ ነበራቸው፣ መዋኛ ገንዳ ከነቤቱ፣ የስፔን አርኪዮሎጂስቶችም ቆፍረው አጥንተውታል። የተቀበሩትም እዛው ነው። የፋሲል መዋኛን ጥምቀት ላይ ያየ ሰው፣ ቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላውን ማለቴ ነው፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አዘዞ ሲደርስ ይገባዋል። እዚህ አደግን፣ ግን ትምህርት ቤት አንድም ቀን ወስዶ ያሳየን የለም፣ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። በአዘዞ አልፌ ጎርጎራ ስሄድ ለካ አትክልቱ መንገዴ ላይ ነበር! ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ገነተ ኢየሱስ እመጣለሁ፣ ማለዳ ይሻላል ወይስ ከቅዳሴ በኋላ?

አዘዞ ሰፈር፦
ከቅዳሴ በኋላ ና፣ ያኔ ካህናቱን ታገኛቸዋለህ። ልጆቹ ግን ድንጋዩ ላይ እንዳይወጡ አደራ።