የአባባ እግርና ያ ቀዝቃዛ ጄል

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባባ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ሰባት ወር ሆናቸው። ስኳር አለባቸው። ከግራ አውራ ጣታቸው ሥር፣ ውስጥ እግራቸው ላይ ያለች ቁስል ሦስት ወር ሙሉ አልዘጋ አለች። ክሊኒኩ ሃይድሮጄል የሚባል ቀዝቃዛ ነገር ሰጠን። አባባ ግን "ቁስል ነፋስ ይፈልጋል" ይላሉ። እኔ ሥራ ስወጣ ፈትተው በረንዳ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ደግሞ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ የሚያድን ሃይድሮጄል ተሠርቷል ሲባል ሰማሁ። የት ይገኛል?

ከሚኒያፖሊስ፦
እህቴ፣ የቁስል ክፍል ነርስ ነኝ። አባባን አትፍረጂባቸው፤ ሁላችንም "ይድረቅ፣ ቅርፊት ያውጣ" እየተባልን ነው ያደግነው። ሐኪሞችም ድሮ እንደዚያ ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በአሳማ ላይ ሞከረው። ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀው ቁስል ክፍቱን ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። አዲስ ቆዳ የሚሠሩት ሴሎች እርጥብ ላይ ይንሸራተታሉ። ቅርፊት ከገጠማቸው ከሥሩ ሰርስረው ማለፍ አለባቸው።

ሃይድሮጄል አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃውን አምቆ የያዘ መረብ በይው። ደረቅ ቁስል ያርሳል፣ የሞተ ሥጋ ያለሰልሳል፣ ሲነሳም አብሮ አይልጥም። ፈሳሽ ለሚበዛበት ቁስል ግን አይሆንም፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ነጥቶ ይላሽቃል።

ያ ሦስት እጥፍ የተባለው የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የ2023 ሥራ ይመስለኛል። ጄሉ ውስጥ የቆዳ ሴሎችና ጥቃቅን የማግኔት ቅንጣቶች አሉበት። ከውጭ በሌላ ማግኔት ሲያነቃንቁት ሴሎቹ ስፖርት እንደሠራ ሰው ይነቃሉ። ደስ ይላል፤ ግን የተሞከረው በአይጥ ነው። የአይጥ ቁስል በአብዛኛው ቆዳው ተሰብስቦ ይዘጋል፤ የእኛ እንደዚያ አይደለም። አይጥ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቆማ አታስቀድስም።

ስኳር ነርቭ ያደነዝዛል። ስለማያማቸው ቁስሉን ቀኑን ሙሉ ይረግጡታል። የትኛውም ጄል ይህን አይችለውም። ክብደቱን ከእግሩ የሚያነሳ ጫማ ጠይቂ። ደም በደንብ ወደ እግራቸው መውረዱንም ያዩላቸው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጥቁረት ወይም የሚሰፋ መቅላት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ከኔታንያ፣ እስራኤል፦
እውነቷን ነው። አገር ቤት ብዙም የማናውቀው ስኳር እዚህ ስንት ቤት ገባ መሰላችሁ። እማዬን ሁለት ወር ጄል ቀባናት፤ ፍንክች አላለም። ቁስሉ መጥበብ የጀመረው ያ ትልቁን ቡት ስታጠልቅ ነው። "የወታደር ጫማ" እያለች ስትሳደብ ነበር። ቤት ውስጥም እንዳያወልቁት፣ እኛ የተሸወድነው እዚያ ላይ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦
"ቆማ አታስቀድስም" ያልሽው ልቤን ነካኝ። አባባ እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይቆማሉ፤ ያውም ጫማቸውን አውልቀው! ሐኪሙ ጠይቆን አያውቅም፣ እኔም አልነገርኩትም። ቡቱን አዘዘልን። አባባ "ቤተ መቅደስ በጫማ?" ብለው አኮረፉ። የንስሐ አባታቸው ጋ ደወልኩ። ለጊዜው ደጀ ሰላም ላይ ወንበር ይዘው፣ እግራቸውን ሰቅለው ያስቀድሱ አሏቸው። እኔ ብላቸው ኖሮ አይሰሙኝም። በረንዳው ግን ገና አልተፈታም፤ ዛሬም ፋሻው ሽቦው ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት።