በባየርን ያለ የካቶሊክ ፋውንዴሽን በማን ሕግ ይተዳደራል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በጀርመን፣ በባየርን ግዛት፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሲሆን፣ የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ነኝ። ቤቱ እዚህ ሽቲፍቱንግ በሚባለው የፋውንዴሽን ዓይነት የቆመ ነው፤ ያቋቋመችውም ከመቶ ዓመት በፊት ያረፈች አንዲት ባለጠጋ መበለት ናት። የስጦታ ደብዳቤዋ በመስታወት ተሸፍኖ በመግቢያው ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። በአሮጌው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ስለተጻፈ አብዛኞቻችን ማንበብ አንችልም፤ አንድ ባልደረባዬ እንዳነበበልኝ ግን መበለቲቱ ንብረቷ በሙሉ ለከተማዋ ችግረኛ አረጋውያን መጠለያ እንዲውል፣ በየዓመቱም ባረፈችበት ቀን ስለ ነፍሷ ቅዳሴ እንዲቀደስ አዝዛለች።

ጥያቄዬን ያስነሣው የመሬት ሽያጭ ነው። ፋውንዴሽኑ ከግቢያችን በስተጀርባ ያለውን የአትክልት ቦታ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ለመሸጥ ተስማምቶ ውሉ በውል አዋዋይ ፊት ተፈረመ። ይሁን እንጂ የሀገረ ስብከቱ የፋውንዴሽን ተቆጣጣሪ ክፍል በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ባለቤትነቱ በመሬት መዝገብ ላይ ወደ ገዢው እንደማይዞር ተነገረን። ገዢው መንግሥታዊ አካል፣ ውሉም በመንግሥት ሕግ መሠረት የተደረገ ሆኖ ሳለ የጳጳሱ ቢሮ ማኅተም እንዴት አስገዳጅ ሊሆን ይችላል? ፋውንዴሽኑ የመንግሥት ሕግ ፍጡር ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን? ደግሞስ፣ አይበለውና ድርጅቱ ቢከስር ሀገረ ስብከቱ ዕዳውን ይከፍላል ወይ? ሥራ አስኪያጃችን ከሽያጩ የሚገኘውን ገንዘብ ለጎደለው የደመወዝ በጀት ልናውለው እንችላለን ይላሉ፤ ይህም ትንሽ አሳስቦኛል።

የሙኒኩ ጠበቃ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፋውንዴሽን በሁለቱም ሕጎች ሥር ስለሚኖር እያንዳንዱ ሕግ ምን እንደሚሰጠው መለየት ያስፈልጋል።

በመንግሥት ሕግ በኩል፣ የግል ሕግ ፋውንዴሽን የሕግ ሰውነት የሚያገኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የግዛቱ ባለሥልጣን ሲያውቀው ነው። ዕውቅናውን ካገኘ በኋላ አባልም ባለ አክሲዮንም የሌለው፣ በመሥራቹ ፈቃድ ለአንድ ዓላማ የታሰረ ንብረት ይሆናል። (በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 483 ጀምሮ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አለው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም።) እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የተሻሻለው የፋውንዴሽን ሕግ አብዛኛውን ደንብ ለመላው ጀርመን አንድ ቢያደርግም፣ በአንቀጽ 88 ላይ የቤተ ክርስቲያን ፋውንዴሽኖችን የሚመለከቱ የግዛት ሕጎች እንደተጠበቁ መሆናቸውን በግልጽ ደንግጓል። በባየርን ሕግ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ፋውንዴሽንን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ቢሮ ሳይሆን ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት።

ይህ ሥልጣን ከቸርነት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 137 የሃይማኖት ማኅበራት ለሁሉም በሚሠራው ሕግ ወሰን ውስጥ የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው እንደሚያስተዳድሩ፣ በአንቀጽ 138 ደግሞ ለአምልኮ፣ ለትምህርትና ለበጎ አድራጎት ባሏቸው ተቋማትና ፋውንዴሽኖች ላይ ያላቸው የንብረት መብት እንደሚጠበቅ አውጇል። የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 140 እነዚህን ድንጋጌዎች እንዳሉ ወርሷቸዋል። በመሆኑም የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤቱን የሚያስረው መንግሥት ራሱ ይህን የቁጥጥር ሥልጣን በሕጉ ስለተቀበለው ነው። ፈቃዱ እስኪሰጥ ድረስ ውሉ በእንጥልጥል ይቆያል፤ ከተከለከለም ይፈርሳል። ገዢው «አላውቅም ነበር» ቢል አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ በቁጥር 1303 ሁለት ዓይነት መንፈሳዊ ፋውንዴሽኖችን ይለያል፤ አንደኛው በሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የራሱ የሕግ ሰውነት የተሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ራሱን ያልቻለና እንደ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ወይም ገዳም ላለ ሌላ አካል በአደራ የተሰጠ ንብረት ነው። በመንግሥት ሕግ ፋውንዴሽን የሆነ ሁሉ በቀኖና ሕግም የሕግ ሰውነት አለው ማለት አይደለም፤ አንዱ ዕውቅና ሌላውን አያስከትልም። ሕዝባዊ የሕግ ሰውነት ያለው (ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም የሚሠራ) ከሆነ ግን በቁጥር 1257 መሠረት ንብረቱ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ስለሚባል፣ ከቋሚ ንብረቱ ውስጥ የሚሸጠው ነገር በየሀገሩ የጳጳሳት ጉባኤ ከወሰነው መጠን በላይ ሲሆን የበላይ ፈቃድ ሊገኝበት ግድ ነው።

የቀኖና ሕጉ የመንግሥትን ሕግ እንደማይንቅም ልብ ይበሉ። በቁጥር 1290 ስለ ውል የሀገሩን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደራሱ አድርጎ ይቀበላል፤ በቁጥር 1284 ደግሞ አስተዳዳሪዎች የቤተ ክርስቲያን ንብረት ባለቤትነት በመንግሥት ሕግ ፊት በሚጸና መንገድ እንዲጠበቅ የማድረግ ግዴታ ይጥልባቸዋል። ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩበት ሁኔታም አስቀድሞ ታስቦበታል። የጀርመንን ዓይነት ጥበቃ በሌለባቸው አገሮች ያለ በላይ ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ በመንግሥት ፍርድ ቤት ሊጸና ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጥር 1296 እንደሚለው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ባለሥልጣን የሚቀረው፣ መብቷን ለማስከበር በማን ላይ ምን ዓይነት ክስ እንደሚቀርብ መመርመር ነው።

በሽያጩ ገንዘብ ላይ ያደረብዎት ሥጋት በእኔ እምነት ትክክል ነው። መሬቱ የፋውንዴሽኑ መነሻ ካፒታል አካል ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 83ሐ ይህ ካፒታል ሳይሸራረፍ እንዲቆይ ስለሚያዝ ገንዘቡ የመሬቱን ቦታ ይተካል እንጂ ለወር ደመወዝ አይውልም። መተዳደሪያ ደንቡ የማይከለክል ከሆነ ንብረትን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ በመለወጥ የተገኘው ትርፍ ለዓላማው ሊውል ይችላል፤ ዋናው ግን ዋና ሆኖ ይቀራል። በመዝገብዎ ላይ ለይተው ያስቀምጡት።

ከራይን ዳር

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ፍርድ ልጨምር፤ ያለ እርሱ ይህ ጉዳይ የተሟላ አይመስለኝም። በሆላንድ ድንበር አጠገብ ባለችው የጎህ ከተማ፣ በግል ሕግ ፋውንዴሽንነት የቆመ ቪልሄልም-አንቶን የሚባል የካቶሊክ ሆስፒታል ነበር። ክርክሩ የተነሣው የመንግሥት ሕግ በሚያዘው መሠረት የሠራተኞች ምክር ቤት ይቋቋምበት ወይስ አይቋቋምበት በሚለው ላይ ነው። ሕጉ የሃይማኖት ማኅበራትንና የበጎ አድራጎት ተቋሞቻቸውን ከዚህ ግዴታ ነጻ ቢያደርግም፣ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቶች ይህን ሆስፒታል ከነጻዎቹ ወገን አልቆጠሩትም።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1977 በሰጠው ውሳኔ ነገሩን ገለበጠው። ራስን በራስ የማስተዳደር መብት የሚጠብቀው ሀገረ ስብከትንና ቁምስናን ብቻ ሳይሆን፣ የሕግ ቅርጻቸው ምንም ይሁን ምን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ራሷ ባላት ግንዛቤ ከተልእኮዋ አንዱን ክፍል እንዲፈጽሙ የተጠሩትንና ከእርሷ ጋር የተሳሰሩትን ተቋማት ሁሉ ነው አለ። ይህ ፍርድ ከወጣ በኋላ «የግል ሕግ ፋውንዴሽን ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን አይደለም» የሚለው ክርክር ዋጋ አጣ። የሚመረመረው ትስስሩ ነው፦ ዓላማው ምንድን ነው፣ በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ ሀገረ ስብከቱ ምን ድምፅ አለው፣ ሲፈርስ ንብረቱ ወዴት ይሄዳል?

ስለዚህ እኅታችን በምትሠራበት ቤት የመንግሥት ሕግ የሚያውቀው የሠራተኞች ምክር ቤት ሳይሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ደንብ የሚመረጥ የሠራተኞች ተወካይ ጉባኤ ሊኖር ይገባል። እኔ ይህ ሥርዓት ለሠራተኛው የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ያም ሆኖ መብቱ ዳር ድንበር የሌለው አይደለም። በዱሰልዶርፍ የካቶሊክ ሆስፒታል ዋና ሐኪም የነበረ ሰው ተፋትቶ በማዘጋጃ ቤት ስላገባ በተሰናበተበት ጉዳይ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 እንዲህ ያለው ግዴታ ለሥራው ጠባይ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የመንግሥት ፍርድ ቤት ሊመረምር እንደሚችል ወስኗል፤ በቀጣዩ ዓመትም የጀርመን ፌዴራል የሥራ ፍርድ ቤት ስንብቱን ውድቅ አድርጎታል።

ተጠራጣሪው

የሁለታችሁንም ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ቁጥጥር ሲባል ሁሉም ነገር በደኅና እጅ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር እሰጋለሁ። በሊምቡርግ የሆነውን አስታውሱ። የጳጳሱ መኖሪያና ተያያዥ ሕንፃዎች ከ31 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የወጣባቸው፣ ፋውንዴሽን ባይሆንም የራሱ የሕግ ሰውነት ባለው የጳጳሱ መንበር ንብረት በኩል ነበር። የሚቆጣጠር የንብረት ምክር ቤት ነበረው፤ ቁጥጥሩ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ጳጳሱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ሥራቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ጉዳይ ግፊትም ብዙ ሀገረ ስብከቶች እስከዚያ ድረስ ለሕዝብ ያልገለጹትን የጳጳሱን መንበር ሀብት ይፋ አደረጉ። ቀኖናው በበቂ ዝርዝር የተጻፈ ነው፤ የጎደለው «አይሆንም» የሚል ሰው ነበር።

ሌላው፣ ካቶሊካዊ መንፈስ ያለው ፋውንዴሽን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ፋውንዴሽን አለመሆኑ ነው። በአውግስቡርግ ያለውን ፉገራይ ብዙዎቻችሁ ጎብኝታችሁት ይሆናል። ያዕቆብ ፉገር እ.ኤ.አ. በ1521 ያቋቋመው ይህ የችግረኞች መኖሪያ ሠፈር ዛሬም ድረስ ነዋሪው ካቶሊክ እንዲሆንና በየቀኑ ሦስት ጸሎቶችን ስለ መሥራቹ እንዲያደርስ ይጠይቃል፤ የዓመት ኪራዩም ተጨማሪ ወጪዎችን ሳይጨምር 88 ሳንቲም ነው። ይህን ያህል ጸሎት እያለበት የሚመራው ግን የፉገር ቤተሰብ ዘሮች በተወከሉበት ምክር ቤት እንጂ በሀገረ ስብከቱ አይደለም። እንግዲህ የቅዱስ ስም በበሩ ላይ መጻፉ ወይም በስጦታ ደብዳቤው ውስጥ ቅዳሴ መጠቀሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡ ይነበብ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተቀብዬ መተዳደሪያ ደንቡን አስወጥቼ አነበብሁት። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ የቆመ የቤተ ክርስቲያን ፋውንዴሽን» ይላል፤ ቁጥጥሩን ለሀገረ ስብከቱ ይሰጣል፤ ፋውንዴሽኑ ቢፈርስ ንብረቱ ወደ ሀገረ ስብከቱ ሄዶ ለተመሳሳይ ዓላማ እንዲውል ያዛል። ንብረትን በመለወጥ ስለሚገኝ ትርፍ አንድም ቃል አላገኘሁም። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኪሳራው ጉዳይ፣ እና የመበለቲቱ ቅዳሴ። ለቅዳሴው በሒሳባችን ውስጥ በየዓመቱ ትንሽ ገንዘብ ይያዛል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ዘመኑ ያለፈበት ነው ብለው ሊሰርዙት ይፈልጋሉ።

የሙኒኩ ጠበቃ

ያነበቡት ደንብ የመጀመሪያ ጥያቄዎን ዘግቶታል። ደንቡ ዝም ካለ ደግሞ ትርፉን ለመጠቀም ሕጉ የሚያስቀምጠው ነባሪ ደንብ ስላለ፣ ከወጪ በፊት ተቆጣጣሪውን ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዋናውን ገንዘብ ግን ለደመወዝ ማዋል አይቻልም።

ስለ ኪሳራው ልመልስ። ሀገረ ስብከትና ቁምስና በሕዝብ ሕግ የቆሙ አካላት በመሆናቸው የኪሳራ ሥነ ሥርዓት አይከፈትባቸውም፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን አረጋግጧል። የእናንተ ፋውንዴሽን ግን የግል ሕግ አካል ስለሆነ ሊከስር ይችላል፤ የኪሳራው ሥነ ሥርዓት ሲከፈትም ይፈርሳል። የተለየ የዋስትና ሰነድ ከሌለ በስተቀር ሀገረ ስብከቱ ስለተቆጣጠረ ብቻ ለዕዳው ተጠያቂ አይሆንም፤ ደንቡ «ንብረቱ ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል» የሚለውም ባለ ገንዘቦች ከተከፈሉ በኋላ የሚተርፈውን ነው። ለሠራተኛው የሚደርሰው ጥበቃ የሚመጣው ከመንግሥት በኩል ነው፦ ከኪሳራው ውሳኔ በፊት ላሉት ሦስት ወራት ያልተከፈለ ደመወዝ ከሥራና ሠራተኛ ኤጀንሲው የኪሳራ ክፍያ ይጠየቃል፤ ማመልከቻውም በሁለት ወር ውስጥ መግባት አለበት።

ቅዳሴውን በተመለከተ ሥራ አስኪያጁ በራሳቸው ሥልጣን ሊሰርዙት አይችሉም። የቀኖና ሕጉ ቁጥር 1300 የሰጪው ፈቃድ በጥንቃቄ እንዲፈጸም ያዛል፤ የሚያስፈጽመውም በቁጥር 1301 መሠረት የአካባቢው ጳጳስ ነው። የቅዳሴ ግዴታን መቀነስ በቁጥር 1308 እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ ለቅድስት መንበር የተጠበቀ ሥልጣን ነበር፤ ከዚያ ዓመት ማሻሻያ ወዲህ ግን ለሀገረ ስብከቱ ጳጳስ የተጠበቀ ሲሆን፣ እርሱም ሊቀንሰው የሚችለው በተገቢና አስፈላጊ ምክንያት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለዚያ የተመደበው ገቢ ሲመናመን። የመሬቱ ፈቃድ ማመልከቻ ወደ ኦርዲናሪያቱ (የሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት) ሲላክ ይህንንም ጥያቄ በተለየ ደብዳቤ አያይዘው ይላኩት፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የቅዳሴውን ገንዘብ እንደወትሮው በበጀቱ ይያዙት።